ፊውዙ ያለው እሱ ጋ ነው

የጅሩና የሃዋኒ ሱቅ ከኔ ሱቅ የሚለየው በአንዲት ቆርቆሮ ነበር። እኔ ወዲህ ሳሙናና ስኳር እሸጣለሁ፤ እነሱ ወዲያ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ስታቢላይዘር፣ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ነገር ሁሉ ይጠግናሉ። ቆርቆሮ ደግሞ ታውቁታላችሁ ልጆቼ፣ ዝናብ ይከለክል እንደሆነ እንጂ ወሬ አይከለክልም። ከአምቦ መናኸሪያ ዝቅ ብሎ በዚያች ቆርቆሮ ሥር የተነገረውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሳልፈልግም ቢሆን።

ሃዋኒ ከጊንጪ ተድራ ስትመጣ የጤፍ ነጋዴ ልጅ ነበረች። ከመብራት የምታውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። ያስተማራት ጅሩ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሲያስተምራት ደግሞ እንዴት ደስ ይለው ነበር! ያን ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ።

«ይሄ ቦርድ ከተማ ነው በይ ሃዋኒ። መንገድ አለው፣ ድልድይ አለው፣ በር አለው። መብራቱ ከዚህ ገብቶ የት ሰፈር እንደቀረ በቴስተርሽ እየጠየቅሽ ትሄጃለሽ።»

«የማይመልስ ሰፈር ካገኘሁስ?»

«እዚያ ነው ሌባው።»

ከሁሉ በፊት ያስጠናት ግን አንድ ደንብ ነበር፦ «ፊውዙ ከኪስሽ ሳይገባ ጣትሽ ከሳጥኑ አይግባ።» ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት የመስመሩን ፊውዝ ይነቅሉና የሚሠራው ሰው ራሱ ኪሱ ይከተዋል። ሥራው ሲያልቅ መልሶ የሚሰካውም እሱ ብቻ ነው። ባልም ሆነ ሚስት፣ ደንበኛም ሆነ ጎረቤት፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ይህን ደንብ ጅሩ ያመጣው ከአስተማሪው ከኦቦ ሌታ ነው። ኦቦ ሌታ የቀኝ እጃቸው ጣቶች እንደ ደረቀ ቃሪያ ተኮማትረው የቀሩት፣ አንድ ደግ ጎረቤት «መብራት ጠፋባቸው መሰለኝ» ብሎ እጃቸው ሳጥን ውስጥ ሳለ ስላበራባቸው ነው። ሃዋኒ ኪስ ያለው ቀሚስ ስለማትለብስ ፊውዙን በሻሿ ጫፍ ትቋጥረው ነበር። ሻሿ ላይ ቋጠሮ ካየሁ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው፤ ለወሬ አልጠራትም።

እንግዲህ ዓመታት አለፉ። ደንበኛ ሲመጣ መጠየቅ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው፤ «ሃዋኒ የለችም?»

መጀመሪያ ጅሩ ይስቅ ነበር። «ተማሪዬ አስናቀችኝ!» ይላል። ሳቁ እያደር አጠረ። በኋላ ሳቁ ጠፋና ጥያቄው ብቻ ቀረ። አንድ ቀን ከጉደር የመጣ ሰውዬ ቴሌቪዥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምን ሆነ?» አለው ጅሩ።

«ሃዋኒ ስትመጣ እነግራታለሁ።»

«እኔ ዓይን የለኝም?»

«ኧረ አለህ ኦቦ ጅሩ! እሷ ግን ጆሮ አላት። ዝም ብላ አዳምጣ በሽታውን ታውቀዋለች።»

እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ ሳቄን ዋጥኩ። ጅሩ ግን ምን እንደዋጠ እሱ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። ጥሩውን መበየጃ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ፤ እሷ እጇ የማይደርስበት። እሷ ጠግና የዘጋችውን ዕቃ ማታ ፈትቶ ያያል። ስህተት ይፈልጋል፤ ያጣል፤ ብሎኑን መልሶ ያጠብቃል። ሰው ሲያመሰግናት «ለሴት ደህና ናት» ይላል። ሃዋኒ ይህን ስትሰማ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ የመበየጃው ሽታ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደኔ ይመጣል።

በዚህ መሃል ነው ፊራኦል የመጣው።

ፊራኦል ከጉደር ወዲያ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ኃላፊ ነው። ረጅም፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ሳቁ ከሞተር ሳይክሉ ድምፅ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ። የክትባት ማቀዝቀዣቸው እምቢ ሲል ወደ ሱቁ መጣና «ዶክተር ሃዋኒ አለች?» አለ።

«እኔስ ምንድነኝ? ድሬሰር?» አለው ጅሩ።

ፊራኦል ሳቀ። ሃዋኒም ሳቀች። ጅሩ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር «ፊራኦል ዶክተሯን ፈልጓል» ይላታል። ስትዘገይ ይቆጣል፤ ስትፈጥን «ምን አስቸኮለሽ?» ይላል። የፀጉሯን ቅባት እንኳ ከኔ ሱቅ ስትገዛ ዓይኑ በበሩ ይከተላታል። አንድ ቀን ብቻውን ሆኖ ክብሪት ሊገዛ ሲመጣ እጁን ያዝኩት።

«ጅሩ ልጄ፣ እውነት በፊራኦል ነው የምትቀናው?»

«ታዲያ በማን ልቅና አዴ ወሰንየለሽ?»

«እንጃ። ፊራኦል በሌለበት ቀንም ጥርስህ ሲንቀጫቀጭ በቆርቆሮው ይሰማኛል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ክብሪቱን ትቶ ሄደ። ልጆቼ፣ በሰው መቅናት ይቀላል፤ ሰውየውን ትጠላዋለህ፣ አለቀ። ራስህ አስተምረህ ባሳደግከው እጅ ስትቀና ግን ለማን አቤት ትላለህ?

የማቀዝቀዣው ነገር እንዲህ ሆነ። ሃዋኒ ሄዳ አየችው፤ ቦርዱ ተቃጥሏል። ከአዲስ አበባ አዲስ ቦርድ አስመጥታ ቀየረችለት፤ ሠራ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተቃጠለ። የተቃጠለውን ቦርድ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው እኔ ዘይት እየቀዳሁ ነበር።

«እየው ጅሩ። ይቺ ክብ ሰማያዊ ዕቃ ተሰንጥቃለች።»

«እሷ ዘበኛ ናት» አላት። «መብራቱ ከልኩ ሲያልፍ ቀድማ ራሷን ትሰዋለች።»

«መብረቅ ነው ማለት ነው። የሰሞኑ ዝናብ መብረቅ አለበት።»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጅሩ የዕቃ በሽታ ሲገባው ያፏጫል። ራሱም አያውቀውም፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ቦርዱን አንስቶ አገላበጠ፤ ማፏጨት ጀመረ፤ ከዚያ ቆረጠው። በመቀስ የተቆረጠ ያህል።

«ይሆናል» አላት። «መብረቅ ይሆናል።»

በሰፈሩም ወሬው ወጣ። «ሃዋኒ የሠራችው ተቃጠለ አሉ።» የጤና ጣቢያውም አለቃ በፊራኦል በኩል ቃል ላከባት፦ አንድ ቦርድ ብቻ ቀርቷል፤ ይህም ከተቃጠለ ሌላ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እናመጣለን፣ የአምቦ ሰው ደጃችን አይደርስም። ሃዋኒ ያን ሰሞን ምግብ አልበላላትም። ስሟ ነው። በስንት ልፋት «ሃዋኒ የለችም?» የተባለችበት ስሟ።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ጅሩ «እኔም አብሬሽ እመጣለሁ» አለ። እሷ ደስ አላት፤ በድምፅዋ አወቅሁ። ሊወጡ ሲሉ እኔ ጋ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ መጣ። ባንኮኒዬ ላይ ስልኩን አስቀምጦ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ። እንደ ክብሪት ሳጥን ያለች፣ እነሱ ሪሌ የሚሏት። ወደ ሃዋኒ ዞር ብሎ እንዳላየችው አረጋገጠ። ከዚያ ሚኒባሱ ጥሩምባ ሲነፋ ሮጠ፤ ስልኩ እኔ ጋ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ አላየሁም። ግን ሃዋኒም፣ ጅሩም፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ኦቦ ጋሮማም በየተራ ነግረውኛል፤ አንዱ የሌላውን አላፈረሰም።

ማቀዝቀዣው ያለው ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ነው። ሶኬት የለውም፤ ሽቦው ግድግዳውን በስቶ ከኋላ ካለው ዕቃ ቤት፣ የመብራቱን ጉልበት ከሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ጋር በቀጥታ ተያይዟል። ለሁለቱም መብራት የሚሰጠው በረንዳው ላይ ከቆጣሪው አጠገብ፣ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ፊውዝ ነው። ሃዋኒ በርጩማ ላይ ወጥታ ነቀለችው። የሻሿን ጫፍ ስትይዝ ጅሩ መዳፉን ዘረጋ።

«ለኔ ስጪኝ።»

«የምሠራው እኔ ነኝ እኮ።»

«እኔ እያለሁ ከኔ በላይ ማን ይጠብቅሽ? ወይስ እኔን ማመን ቀረ?»

ፊራኦል ቆሟል። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ቆማለች። ኦቦ ጋሮማ ዱላቸውን ተደግፈው ያያሉ። ሚስት ባሏን በሰው ፊት ምን ትለዋለች? ደንቡ የራሱ ደንብ ነው፤ የሚያፈርሰውም ራሱ ነው።

«እንካ» አለችው። «እንግዲህ ነፍሴ ኪስህ ውስጥ ናት።»

ፊውዙን ከጋዜጣዋ ጥቅል አጠገብ ደረት ኪሱ ከተተው።

ክትባቶቹን ፊራኦል በበረዶ ዕቃ አድርጎ ጥግ አስቀምጧል። ሃዋኒ ማቀዝቀዣውን ከጀርባው ፈታችው። መብራት አለመኖሩን በቴስተሩ አረጋገጠች፤ ቦርዱ ውስጥ የተጠራቀመው መብራት እስኪወርድ ትንሽ ጠበቀች፤ ደግማ ለካች። አንዲትም ሽቦ ሳትነቅል በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ የቱ ከየት እንደነበረ እንዳይጠፋት። አሮጌውን አወጣች፤ አዲሱን ፊቱን ሳትነካ በጠርዙ ይዛ አስገባች። ፊራኦል በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ ባትሪ ያበራላታል።

«ዶክተር፣ በሽተኛው ይተርፋል?»

«አንተ ካልተነፈስክበት ይተርፋል።»

ሁለቱም ሳቁ። አዋላጇም ሳቀች። ጅሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ በሩ ላይ አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ ሃዋኒ ቀና አለች። «ጅሩ?»

የለም።

«ጅሩ!»

«ወጥቷል እኮ» አሉ ኦቦ ጋሮማ። «በግቢው በር አልፎኝ ወደ አስፋልቱ ሄደ። ፊቱ ደህና አልነበረም። ሰላም ብለው እንኳ አልመለሰልኝም።»

ሃዋኒ ደወለችለት። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

«ሄሎ፣ ጅሩ የት ነህ?»

«ወሰንየለሽ ነኝ ልጄ። ስልኩን እኔ ጋ ረስቶታል።»

«ተመልሶ መጥቷል?»

«የት? ካንቺ ጋር አይደል እንዴ?»

ከኋላዋ የፊራኦልን ድምፅ እሰማለሁ፦ «በባጃጅ ሄዷል አልኩሽ! በረዶው እየሟሟ ነው!» ስልኩን ሳትዘጋው ጉያዋ ከተተችው መሰለኝ፤ የተቆራረጠ ነገር ሰማሁ፤ ከዚያ ጠፋ።

ፊራኦል ያን ጊዜ ሽቦ ፈልጎ አምጥቶ ጫፎቹን በጥርሱ እየላጠ ነበር። ታውቁታላችሁ፣ በኛ አገር ፊውዝ ሲጠፋ ሰው ቦታው ላይ ሽቦ ጠምዝዞ ያልፋል። ስንቱ ቤት በሽቦ ይኖራል! እኔም ቤት ነበር፤ ጅሩ ነው ተቆጥቶ ያወጣልኝ።

«ለጊዜው ነው» አላት ፊራኦል። «ባልሽ ሲመለስ ፊውዙን ታደርጊዋለሽ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ፊውዙ ያለው እሱ ጋ ነው።»

«እኮ! እሱ ጋ ስላለ እኮ ነው ሽቦ ያመጣሁት!»

«አልገባህም ፊራኦል። ፊውዝ የያዘ ሰው እጁ የት እንዳለ ሳላይ መብራት አይለቀቅም።»

«እጁ ባጃጅ ውስጥ ነው!»

«አየኸው?»

ፊራኦል ወደ ኦቦ ጋሮማ ዞረ። ኦቦ ጋሮማ አንገታቸውን አከኩ። «ሲወጣ አይቻለሁ» አሉ። «ሲሳፈር አላየሁም። ዱጋ ልናገር፣ እውነቱን፣ አላየሁም።»

«ሃዋኒ፣ ማሎ፣ እባክሽ» አለ ፊራኦል፤ አሁን ሳቁ ጠፍቷል። «የዚህ ሁሉ ቀበሌ ሕፃን ክትባት ነው። አንድ ያኮረፈ ባል ፈርተሽ ልታበላሺው ነው?»

«ባሌን አይደለም የምፈራው። ሽቦህን ነው።»

ፊራኦል በርጩማው ላይ ሊወጣ እግሩን አነሳ። ሃዋኒ በርጩማውን ከሥሩ ሳበችና ብብቷ ሥር ወሸቀችው። ቆጣሪው ከፍ ያለ ነው፤ ፊራኦልም ቢረዝም ያለ በርጩማ አይደርስበትም። በርጩማዋን ይዛ ባሏን ፍለጋ ወጣች። ኦቦ ጋሮማ እስከ ዛሬ ይስቃሉ፦ «በርጩማ ታቅፋ ባል የምትፈልግ ሴት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን አየች። አጥሩን አየች። በስተጀርባ አጥሩ የፈረሰበት አለ፤ እዚያ ጭቃው ላይ አዲስ የጫማ ዱካ ወደ ውስጥ ይገባል። ቆማ አዳመጠች። ጆሮ አላት ብለዋት የለ?

ፉጨት ሰማች።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከባዶ ካርቶኖች ኋላ፣ በፈረሰው አጥር ዞሮ የገባው ጅሩ ተንበርክኮ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ስታቢላይዘሩ ሆድ ውስጥ ከትቷል። ያቺ ጋዜጣ ጉልበቱ አጠገብ ተዘርግታለች። ስታያት ፊቱ በራ፤ ያን ቃል ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሲያዘጋጀው እንደነበር ያስታውቃል።

«ነይ እዪ! መብረቅ ብለሽ! ይቺ ሪሌ ናት፤ ጥርሷ ተጣብቆ መብራቱን ከልክ በላይ ትልካለች። ቦርድሽን ሁሉ የበላችው እሷ ናት። ዛሬ የቀየርሽውም ማታውን ይቃጠል ነበር። ጥሪያቸው፣ ፊራኦልንም ጥሪው፣ ሁሉም ይይ…» ቆመ። «በርጩማው ምን ያደርግልሻል?»

ፊራኦል እያለከለከ ከኋላዋ ደረሰ። ሽቦው እጁ ላይ ነው፤ የተላጡት ጫፎቹ ያበራሉ።

ጅሩ ሽቦውን አየ። በርጩማዋን አየ። ከዚያ አጎንብሶ የራሱን ክንዶች አየ፣ ሳጥኑ ውስጥ እንዳሉ። ፊውዙ ኪሱ ውስጥ ስለነበር ሰላም ነኝ ብሎ ነው የገባው። ሌላ ሰው ሽቦ ይጠመዝዛል ብሎ አላሰበም። በቀስታ እጁን አወጣ፤ ጣቶቹን ዘረጋቸው፤ ጨበጣቸው። የኦቦ ሌታን እጅ ያሰበ ይመስለኛል።

«አልለቀቅሽውም» አላት።

«ፊውዙ አንተ ጋ ነበር።»

ፊራኦል ሽቦውን ጣለና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እሱም ደነገጠ፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

ሃዋኒ ጎንበስ ብላ ጋዜጣዋን አነሳች። አገላበጠቻት። «ይሄ የሱቃችን ጋዜጣ ነው። ሪሌዋን ከቤት ነው ይዘህ የመጣኸው።»

«ኤዬ» አለ። አዎ።

«መቼ አወቅህ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ጅሩ ራሱ ነግሮኛል፤ ውሸቱ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። «ይሄን ስታቢላይዘር አንቺ ሳትመጪ በፊት ጠግኜው አውቃለሁ» አላት። «ጠባዩን አውቃለሁ። ያን የተሰነጠቀ ቦርድ ስታሳዪኝ አውቄያለሁ።»

«ዝም አልከኝ።»

«ዝም አልኩሽ።»

ሃዋኒ ፊራኦልን አየችው፤ ባሏን አየችው። «በሱ ብትቀና ይሻለኝ ነበር» አለች።

ከዚያ በርጩማዋን የዕቃ ቤቱ በር ላይ አኖረችና ተቀመጠችበት፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ። «ጨርስ» አለችው። «ማንም በዚህ አያልፍም። እጅህን ስታወጣ ንገረኝ፤ ፊውዙን ራስህ ትሰካዋለህ።»

ጅሩ ጨረሰ። ፊውዙን ራሱ ሰካ። ሃዋኒ የማቀዝቀዣውን ማብሪያ ከመጫኗ በፊት ከስታቢላይዘሩ የሚወጣውን መብራት ለካች፤ ልኩ ነው። ከዚያ ለቀቀችው፤ እምም ማለት ጀመረ። በረዶው ሙሉ በሙሉ አልሟሟም ነበር፤ ክትባቱም ተረፈ። ጅሩ በሁሉም ፊት «ቦርዱን የቀየረችው እሷ ናት፤ ጥፋቱ የስታቢላይዘሩ ነው፣ እኔም አስቀድሜ አውቅ ነበር» አለ። የመጨረሻዋን ቃል ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ጨመራት።

በሚኒባስ ሲመለሱ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ተቀመጡ። ስልኩን ልሰጠው ስወጣ ሃዋኒ ሰላምታዬን መለሰች፤ ፈገግታ ግን አልነበራትም። ያን ሰሞን በቆርቆሮው የሚያልፈው የብሎን መፍቻ ድምፅ ብቻ ነበር። ጥሩው መበየጃ ከመደርደሪያው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ እሷ ግን አሮጌውን ነው የምታነሳው። ደንበኛ መጥቶ «ሃዋኒ የለችም?» ሲል ጅሩ «አለች፣ ግባ» ይላል። ጥርሱ ግን ልጆቼ፣ አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ይንቀጫቀጫል።

አንድ ጠዋት የወፍጮ ቤት ስታቢላይዘር መጣላቸው። ጅሩ ፊውዙን ሲነቅል ሰማሁ።

«ሃዋኒ።»

«እ?»

«ያዥልኝ።»

«ምኑን?»

«ፊውዙን። አንቺ ጋ ይሁን። እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ያዥው። አምንሻለሁ ማለቴ ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ብሎ ተወረወረ።

«ኪስህ ክተተው! አሁንም ደንብ ልታፈርስ? ሞኝ።»

«ታዲያ ማመኔን በምን ላሳይሽ?»

«የምታውቀውን ንገረኝ።»

ደንበኛ ስኳር ቢለኝ እጄን አንስቼ ቆይ አልኩት። የኪስ ቁልፍ ሲዘጋ ሰማሁ፤ የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማሁ።

«ነይ ወደዚህ» አላት ጅሩ። «ይቺን ሽቦ አየሻት? ይቺን እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁም።»

ማፏጨት ጀመረ። አልቆረጠውም።